ዓሣው በሐምሌ፣ በጀቱ በመስከረም

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጉማራ ወንዝ ጣና የሚገባበት ቦታ ላይ በጀልባ የተቀመጠ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ዓሣውን ሳይሆን የውሃውን ቀለም ነው። ከጉና ተራራ ሥር አፈር ጠራርጎ የወረደው ቡናማ ውሃ በሐይቁ ላይ እንደ ምላስ ተዘርግቶ ይታያል፤ በዳርና ዳሩም አረፋ፣ ጭራሮና የተነቀለ ሣር ይንሳፈፋል። ማታ በአስራ ሁለት ሰዓት የዘረጋነውን መረብ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት መሳብ ስንጀምር እጃችን በብርድ ደንዝዞ የመረቡን ክር ከዓሣው መንጋጋ መለየት ያቅተናል። ከዚያ እያንዳንዱ ዓሣ በመለኪያ ጣውላ ላይ ይጋደማል፣ ይመዘናል፣ ሆዱም በአውራ ጣት ቀስ ተደርጎ ይጫናል። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣው ለመራባት የደረሰ ወንድ ነው፤ ቢጫ ዕንቁላል ጠብ ካደረገች ደግሞ ሴቷ ወደ ወንዙ ለመውጣት የቀናት ዕድሜ ብቻ ቀርቷታል ማለት ነው።

የሥራ ዘመኔ ትልቁ ክፍል በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለፈ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከሃያ ዓመት በላይ ዓሣ ሳጠና ቆይቻለሁ፤ ከዓመቱ ግን ለጥያቄዬ መልስ የሚሰጠው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። የቀረውን ወር ሁሉ በቢሮ ቁጥር ስደምር፣ በቤተ ሙከራ የዓሣውን ዕድሜ የሚያሳዩትን የጆሮው ድንጋይ ቀለበቶች ስቆጥርና ደብዳቤ ስጽፍ አሳልፈዋለሁ።

ጣናን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ማብራራት ይኖርብኛል። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን እምብዛም ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከሐይቁ በታች 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር ስለሚወርድ ከታች ያለ ዓሣ ሽቅብ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በጣና ያሉት ዓሦች ተዘግቶባቸው ለብቻቸው ኖረዋል። ገበያ የሚያውቃቸው ቆሮሶና አምባዛ በሌላም አገር ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ እየተባሉ በጅምላ የሚጠሩት፣ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚላቸው፣ ግን በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተከፋፍለው ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ሆነዋል። አንዱ የወለል ትል ይለቅማል፤ ሌላው በውሃ ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ነፍሳትን ያጣራል፤ ሌላው ቅጠልና ሣር ይግጣል፤ 8ቱ ደግሞ ዓሣ በል ናቸው። ይህ የመጨረሻው በጣም ያስገርማል፤ ምክንያቱም የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ያለ መንጋጋ ጥርስ አዳኝ መሆን የቻሉት ሐይቁ ውስጥ የሚቀድማቸው ሌላ ጎበዝ አዳኝ ስላልነበረ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ሰፊ የምደባ ጥናት እነዚህን ሁሉ በሌሎች የኢትዮጵያ ውሃዎች ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር አዋሕዶ አንድ ዝርያ አድርጎ መዝግቧቸው ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር እየለኩ፣ ምግባቸውን እያዩና የሚራቡበትን ቦታ እየተከታተሉ እንደገና ለያዩአቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ክርክሩ ገና ትኩስ ነበር። መምህራችን በፎርማሊን የተዘፈዘፉ ሁለት ዓሦችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው ወይስ ጎረቤታሞች?» ብለው የጠየቁን ቀን ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ወንድማማቾች አለ። እኔም እንደዚያው ብዬ ተሳሳትኩ።

የመለያየታቸው አንዱ ምክንያት የሚገኘው ወንዝ አፍ ላይ ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ በሐይቁ ኖረው ለመራባት ወደ ጉማራ ይወጣሉ። ሲጀምሩ በወንዙ አፍ ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ጎርፉ ሲመጣ ሽቅብ ይወጡና ትንንሾቹ ገባር ወንዞች ውስጥ ጠጠር ያለበትን፣ ውሃው ጥልቀት የሌለውን፣ የሚፈሰውንና አየር የጠገበውን ቦታ ፈልገው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ደለል ባለበት ቦታ ዕንቁላሉ ይታፈናል፤ ስለዚህ ጠጠሩ የውበት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ዝርያዎቹ ሁሉ አብረው አይወጡም፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ተከትሎ፣ በጊዜና በቦታ ተለያይተው ነው የሚሄዱት። ዕንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ ጫጩቶቹ ውሃው ሲጎድል ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። የአንድ ዓመት ትውልድ ሁሉ፣ ሲወጣም ሲመለስም፣ ድንጋይ ቢወረወር ማዶ በሚደርስበት ጠባብ ቦታ ያልፋል።

ወንዝ አፍን በዚህ ዓይን ማየት የተማርኩት ግን በጣና አይደለም። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ኔዘርላንድስ በሄድኩ ጊዜ የመስክ ሥራዬ የነበረው በስኬልት ወንዝ ላይ፣ ከአንትወርፕ ወደብ በታች፣ የኔዘርላንድስና የቤልጅየም ድንበር አካባቢ ነው። ወንዝና ባሕር የሚገናኙበትን፣ ጨውና ጣፋጭ ውሃ የሚደባለቅበትን ያን ዓይነት ቦታ በአንድ ቃል የሚጠራ አማርኛ አላገኘሁለትም፤ ባሕር የራቀው ሕዝብ ቃሉን ቢያጣ አይፈረድበትም። እኔም በደብዳቤዬ ሁሉ «የወንዝ አፍ» እያልኩ ስጽፍ እናቴ «ወንዙ ምን ይበላል?» ብላ በስልክ ስቃብኛለች።

እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሞላና ሁለት ጊዜ ስለሚጎድል የወንዙ ውሃ አቅጣጫውን በቀን አራት ጊዜ ይለውጣል። በአንትወርፕ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ የባሕሩ ግፊትም ወንዙን ሽቅብ እየገፋ ከባሕር 160 ኪሎ ሜትር ርቆ እስከሚገኘው እስከ ጌንት ከተማ ድረስ ይሰማል፤ የሚያቆመውም በዚያ ያለው የውሃ በር ነው። እኛ የምንሠራው መልሕቅ በጣለች ጀልባ ነበር፤ መረቡ ይወርድና ውሃው ራሱ ዓሣውን ያስገባልናል። በመጋቢት አንድ ሌሊት፣ በእጅ ባትሪ፣ ከመረቡ ጫፍ በወጣው ጭቃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ክር የመሰለ ነገር አየሁ። አነሳሁት፤ ርዝመቱ ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሰውነቱ እንደ መስታወት ያሳያል፤ ዓይኖቹ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ናቸው፤ የጀርባ አጥንቱና የምትመታ ልቡ በቆዳው በኩል ይታያሉ። ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ጫጩት ነበር፤ ከአትላንቲክ ማዶ፣ ከሳርጋሶ ባሕር፣ ተነሥቶ የመጣ።

የገረመኝ የመጣበት ርቀት ብቻ አይደለም። ያን የምታህል ፍጥረት የስኬልትን ጉልበት ታግላ ሽቅብ ልትወጣ አትችልም፤ አትሞክርምም። ባሕሩ ሲሞላ ከወለሉ ተነሥታ ከውሃው ጋር ትሄዳለች፤ ሲጎድል ወደ ወለሉ ወርዳ ትደበቃለች፤ እንደገና ሲሞላ እንደገና ትነሣለች። ፍላውንደር የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣም ባሕር ውስጥ ተወልዶ በጨቅላነቱ በዚሁ ዘዴ ወደ ወንዙ ይገባል። ይህን ለማወቅ ግን መረቡ በሙላትም በጉድለትም፣ ከላይም ከታችም መውረድ ነበረበት። በሙላት ብቻ የጣለ ተመራማሪ ወንዙ በዓሣ ተሞልቷል ይላል፤ በጉድለት ብቻ የጣለ ባዶ ነው ይላል። ሁለቱም በሐቅ የቆጠሩትን ነው የጻፉት።

ከስኬልት የወሰድኩት ሁለተኛ ነገር የትዕግሥት መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የዚያ ወንዝ መካከለኛ ክፍል በፍሳሽ ብዛት ኦክስጅን አልቆበት ዓሣ የማያልፍበት ሆኖ ነበር፤ የብራስልስ ከተማ ፍሳሽ አብዛኛው ሳይጣራ ወደዚያው ይወርድ የነበረው እስከ 2007 ነው። ዋናው ማጣሪያ ሥራ ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት ለዘመናት ጠፍተው የቆዩ ከባሕር የሚመጡ ዓሦች እንደገና ሲወጡ ታዩ። ይህን መናገር የቻሉት በክፉውም ዘመን መረባቸውን ሳያቋርጡ የጣሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ባዶ መረብ ስቦ «ዜሮ» ብሎ መጻፍ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ተመልሶ «ዜሮ» ብሎ መጻፍ ምንኛ አሰልቺ እንደሆነ አስቡት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተምሬ አገሬ ገባሁ። መጀመሪያ ያጋጠመኝ እንቅፋት ሳይንሳዊ አልነበረም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋና ሐምሌ 1 አዲሱ ይከፈታል፤ ይከፈታል ማለት ግን ይለቀቃል ማለት አይደለም። ዕቅድ ይከለሳል፣ ኮድ ይስተካከላል፣ የአበል ማጽደቂያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ መኪናው ነዳጅ የለውም ይባላል። ነገሩ ሁሉ ተስተካክሎ ወደ መስክ የምንወጣው መስቀል ሲደርስ ነው። ዓሣው ግን በሐምሌ መሰብሰብ ጀምሯል። በመጀመሪያው ዓመት ጉማራ የደረስነው መስከረም 20 ነበር፤ በመረባችን የገቡት ሆዳቸው የተሸበሸበ፣ ዕንቁላላቸውን ጥለው የሚመለሱ ጥቂት ዓሦች ብቻ ነበሩ። በሪፖርቱ ላይ «የተገኘው ቁጥር አነስተኛ ነው» ብለን ጻፍን። ቁጥሩ ያነሰው በዓሣው ነው ወይስ በእኛ መዘግየት ብሎ የጠየቀን አልነበረም።

በማግሥቱ በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ፣ እኛ አያ እያልን የምንጠራቸው፣ ከአጠገባችን ቆሙ። ወይጦ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም በዚሁ ውሃ ላይ ኖረዋል።

«ዘንድሮ ዓሣው የለም፣ አያ» አልኳቸው።

«ዓሣውማ ነበር» አሉኝ መቅዘፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። «ለፍልሰታ ጾም መያዣ ላይ ውሃውን እስኪያንቀሳቅሰው ነበር። እናንተ አልነበራችሁም እንጂ። ልጄ፣ ጎርፉ ሲጠራው ነው የሚሄድ፤ ደብዳቤ አይጠብቅም።»

ያን ቀን በጣም አፈርኩ። የአያ ንግግር ሌላም ነገር አስታወሰኝ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ዓሣን የጾም ምግብ አድርጎ የሚቆጥረው ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የገበያው ፍላጎትና የዓሣው መራቢያ በአንድ ሳምንት ይገጥማሉ። አጥማጁ መረቡን በወንዙ አፍ የሚዘረጋው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ዓሣው ያለው እዚያ፣ ገዢው ያለው ያን ጊዜ በመሆኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሐይቁን ሲያስስ የሚውል ሰው ዓሣው ራሱ ተሰብስቦ በሚጠብቅበት ሰሞን ቤቱ ይቀመጥ ማለት ቀላል አይደለም።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ የታወቀው በአንድ ቀላል ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ፤ ከዚያ በፊት በታንኳ ከዳር የማይርቀው አጥማጅ ወደ ሩቁ ወንዝ አፍ መድረስ ቻለ። ከ1991 እስከ 1993 ናሙና የተወሰደባቸው ቦታዎች ላይ ከ1999 እስከ 2001 ተመሳሳይ መረብ ተጣለ። የዓሣ ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሳተሙት የላቢዮባርበሶቹ ብዛት በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በ75 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ከ5 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱት ታዳጊዎች ደግሞ በ90 በመቶ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው የበለጠ ያስፈራኛል። ትልልቆቹ ቢቀንሱ መረብ ወስዷቸዋል ማለት ይቻላል፤ ታዳጊዎቹን ግን አብዛኛውን መረብ አይዛቸውም፤ ከዓይኑ ሾልከው ያልፋሉ። የጠፉት ስላልተወለዱ ነው። እናቶቻቸው የተያዙት ወደ ወንዙ ሳይወጡ በፊት ነው።

ይህ ግኝት የተገኘው ረቂቅ መሣሪያ ስለነበረ አይደለም። ተመሳሳይ ቦታ፣ ተመሳሳይ ወር፣ ተመሳሳይ የመረብ ዓይን ስለነበረ ነው። እኔ ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ጥሼ ዋጋውን ከፍያለሁ። የምንጠቀመው በ6፣ በ8፣ በ10፣ በ12 እና በ14 ሳንቲ ሜትር ዓይን የተሠራ የመረብ ስብስብ ነበር። አንድ ዓመት ያረጀውን ለመተካት ግዢ ጠየቅን፤ ግዢው በጨረታ ሄደና ከስድስት ወር በኋላ የመጣው መረብ ክሩ የወፈረ፣ የ6 እና የ8 ሳንቲ ሜትሩ ዓይን ጭራሽ የሌለበት ሆነ። ይመለስ ብል በጀቱ ወደ ፋይናንስ ይገባል ተባልኩ። እንዳለ ተጠቀምኩበት። ሁለት ዓመት ሙሉ በዝናብ ተደብድበን፣ አንድ ጊዜም ጀልባችን ተገልብጦ ሚዛናችንን ውሃ በልቶት፣ የሰበሰብነው መረጃ ከቀድሞው ጋር ሊነጻጸር የማይችል ሆነ። የትንንሾቹ ዓሦች ቁጥር በሰንጠረዡ ላይ ቁልቁል ወርዷል፤ የወረደው ግን በመረባችን ምክንያት ነው። ሰንጠረዡ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አላሳተምኩትም፤ አልጣልኩትምም።

ዛሬ ወንዝ አፍ ላይ ያለው ችግር መረብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ሽቅብ ስትሄዱ አንዳንድ ቦታ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ይጣላል፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ዓሣው ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ስለሚያደርገው ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ይንሳፈፋል። ለቤት ሥራ ጠጠርና አሸዋ ሲዛቅ ዕንቁላል የሚጣልበት ወለል በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። በፎገራ ሜዳ በበጋ የሚተከሉት የውሃ ፓምፖች የወንዙን ቅሪት ሲስቡ ገና ወደ ሐይቁ ያልወረዱት ጫጩቶች በኩሬ ይቀራሉ። በጊልገል ዓባይ ገባር በቆጋ ላይ ግድብ አለ፤ በርብ ወንዝም ላይ አለ፤ ግድብ ገበሬውን እንደሚጠቅም አውቃለሁ፤ ዓሣው ደግሞ መሰላል የለውም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእምቦጭ አረም በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ አፍ በኩል፣ ታየና ተስፋፋ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ባዘጋጀነው ምክረ ሐሳብ ሁሉ ላይ «ከሐምሌ እስከ መስከረም በወንዝ አፎች ማጥመድ ይቁም» የሚል መስመር አለ፤ አጥማጁ በእነዚያ ወራት ምን ይበላል የሚለው መስመር ግን ብዙ ጊዜ የለም። ይህ የእኛ የተመራማሪዎቹ ድክመት ነው፤ እኔንም ይጨምራል።

ስለ ጣና የሚነገረውን ታውቁታላችሁ፤ ዓባይ በሐይቁ ውስጥ ሳይቀላቀል ያልፋል ይባላል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። እኔ ግን ይህን ያለ ሰው ጊልገል ዓባይ በክረምት ሲገባ በዓይኑ ያየ ሰው ነው እላቸዋለሁ፤ ደለል የተሸከመው ውሃ ረጅም መንገድ ድንበሩን ጠብቆ ሲጓዝ ይታያልና። ቆሞ ማየት ከልኬት ይቀድማል። በእርግጥ በመጨረሻ ይቀላቀላል፤ ያንንም ለክተነዋል።

ከዚያ መስከረም በኋላ አሠራሬን ለወጥኩ። በጀቱን መጠበቅ ትቼ ለሐምሌ የሚሆነውን ነዳጅ ከደመወዜ ቀንሼ ከሰኔ በፊት ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ባለቤቴ «ይሄ ዓሣ ከልጆቻችን እኩል ቀለብ አለው» ትላለች። መረቦቹን ቤተሰብ እንደሚያውቅ ሰው በቁጥር ለይቼ ራሴ እጠግናቸዋለሁ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ለአያ የልጅ ልጅ የሰጠሁት ደብተር ነው። ልጁ በዚያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበር፤ አያቱ ሲነግሩት ይጽፋል። ዓምዶቹ አራት ናቸው፦ ቀን፣ የውሃው ቀለም፣ የመረቡ ዓይን፣ የመጣው ዓሣ። የአያ የዓሣ አከፋፈል ከእኛ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ አንዳንዱን እኛ ሁለት የምንለውን እሳቸው አንድ ይሉታል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እኛ አንድ ያልነውን ሁለት ብለውት፣ ብንለካው እውነታቸውን ሆኖ አገኘነው።

አያ ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ። ደብተሩ አሁን አራተኛው ነው፤ ልጁ አድጎ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። ባለፈው ክረምት የመጀመሪያው ገጽ የደረሰኝ ቢሮ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የዓመቱ ዕቅድ ሲነበብ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሐምሌ 19። ውሃው ቡና። ባለ 10። ሦስት ወንድ፣ ፈሳሽ አላቸው። ሴት ገና።» ወዲያው ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ።